የወገብና የአንገት ነርቭ ብሎክ የተወጋ ሰው አለ? ዶክተሩ ተወጋ ብሎኛል፣ ሰፈሩ ደግሞ ሽባ ትሆናለህ ይላል

ሐረጎ ሾፌር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ትንሽ ይረዝማል አፉ በሉኝ። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ 43 ዓመቴ ነው፣ 16ቱን መሪ ላይ ነው የጨረስኩት። የሐረጎን ዳገት በቀን አምስት ስድስቴ መውጣትና መውረድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ፍሬን ክላች ፍሬን ክላች፣ ያውም ያን ሁሉ ጥምዝምዝ። አራት ወር ሆነኝ ከቀኝ መቀመጫዬ ተነስቶ በጭኔ ኋላ በባቴ በኩል አድርጎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ ይነዝረኛል፣ ልክ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ነው የሚመስለው፣ ሳስነጥስማ አትጠይቁኝ። ተሳፋሪ ሞልቶ እስኪወጣ አስር ደቂቃ ከተቀመጥኩ ስወርድ እንደ ሽማግሌ በሩን ይዤ ነው የምቆመው።

ያልሞከርኩት የለም። ወጌሻ አሸኝ፣ ሁለት ቀን ሻል አለኝና ብሶብኝ መጣ። ከአንድ ፋርማሲ ሦስት ጊዜ መርፌ ተወጋሁ፣ ዲክሎፌናክና ዴክሳ ቀላቅለን ነው አሉኝ፣ ሦስት አራት ቀን እንደ ጎረምሳ ያደርገኛል ከዛ ያው ነው፣ በሦስተኛው ጨጓራዬ ተነሳ። ፕሪጋባሊን የሚሉት ኪኒን ደግሞ ህመሙን ቀነስ አድርጎልኝ ነበር ግን መሪ ላይ አይኔን ሲያከብደው ደንግጬ ተውኩት፣ ሐረጎ ላይ እንቅልፍ ቀልድ አይደለም።

በመጨረሻ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ኤል 5 ኤስ 1 የሚባለው የወገብ ታችኛው ጫፍ ላይ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ትራስ፣ ዲስኩ፣ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ይላል። ዶክተሩ ኦፕራሲዮን ከማሰባችን በፊት አዲስ አበባ ሄደህ ነርቭ ብሎክ የሚሉትን፣ ነርቩ አጠገብ የሚሰጥ የማደንዘዣ መርፌ ተወጋ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ቤት ስናገር ባለቤቴ አበደች፣ እሷ የመጨረሻ ልጃችንን በኦፕራሲዮን ስትወልድ የወገብ መርፌ ተወግታ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ወገቤ ወገብ አልሆነም ነው የምትለው። ጎረቤት ደግሞ ቡና ላይ ተሰብስቦ ብሎክ ማለት ነርቩን መግደል ነው፣ እግርህ ይቀራል አለኝ።

እንግዲህ የተወጋ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ያድናል ወይስ ያው እንደ ፋርማሲው ሦስት ቀን ነው? እውነት እግር ያስቀራል? መቼስ ነው መንዳት የምችለው? አራት ልጅ ነው የማበላው።

ልብስ ሰፊዋ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

አብሽር ወንድሜ። እኔ ተወግቻለሁ፣ ግን የኔ አንገት ነው፣ የኔና ያንተ አንድ አይነት መርፌ እንዳይመስልህ፣ እኔም ያወቅኩት ከገባሁበት በኋላ ነው። 22 ዓመት ሲንጀር ላይ አጎንብሼ ነው የኖርኩት፣ አንገቴ በቀኝ በኩል እስከ ትከሻዬ ይቆረጥመኛል፣ ወደ ኋላ ዘወር ማለት አልችልም፣ ሰው ሲጠራኝ በሙሉ ሰውነቴ ነበር የምዞረው፣ ኩራተኛ ሆነች እስክባል ድረስ። ወደ እጄ ግን አይወርድም፣ መደንዘዝም የለም። ዶክተሩ ይሄ ከዲስክ ሳይሆን ከአከርካሪው ኋላ ካሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ሊሆን ይችላል፣ እነዛን መገጣጠሚያዎች የሚያዳምጡ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፣ እነሱን አደንዝዘን እንይ አለኝ። እንይ ነው ያለው ልብ በል፣ እናድን አላለም። እኔ ግን የሰማሁት እናድን የሚለውን ነው፣ ታሞ የሰለቸ ሰው ጆሮው እንደዛ ነው።

በአንድ ጎኔ አስተኝተው አንገቴን በሚቀዘቅዝ ነገር ጠረጉኝ፣ ጭንቅላቴ ላይ እንደ ግማሽ ቀለበት ያለ የራጅ ማሽን አመጡ፣ እነሱ ከባድ ሽርጥ ለብሰው በቲቪ እያዩ ነው የሚወጉት። ቆዳው ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ታቃጥላለች፣ ከዛ በኋላ መጫን እንጂ ህመም የሚባል አይደለም። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዛ ወረቀት ሰጡኝ፣ በየሰዓቱ ከአስር ስንት እንደሚያምሽ ጻፊ፣ ዝም ብለሽ እንዳትተኚ፣ የሚያምሽን ሥራ ሥሪ አሉኝ። ወላሂ አንገቴን አዞርኩት! ስምንት የነበረው ወደ አንድ ወረደ። ታክሲ ውስጥ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ እየዞርኩ ሰው አየሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ህመሙ ተመልሶ መጣ፣ እኔም ብሬ ገደል ገባ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ስደውል ዶክተሩ ደስ አለው፣ እኔ እያለቀስኩ እሱ ደስ አለው! ማደንዘዣው በሚሠራበት ሰዓት ብቻ ህመሙ ከጠፋ ቦታውን አገኘነው ማለት ነው አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ አረጋገጡ፣ ከዛ በኋላ ነው እነዛን ቀጫጭን ነርቮች በሙቀት የጠበሱልኝ፣ ያኛው ይረዝማል፣ ሁለት ሳምንት ያህልም ቦታው እንደተቃጠለ ቆዳ ያሳክከኝና ይቆጠቁጠኝ ነበር። ከዛ 11 ወር ህመሙ ሳይቀሰቅሰኝ ተኛሁ። አሁን ቀስ እያለ መመለስ ጀምሯል፣ ነርቩ ተመልሶ ይበቅላል ብለውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። የማሽኑን ጠረጴዛ በአናጢ አስነስቻለሁ፣ ይሄንን ከ20 ዓመት በፊት ባደርገው ኖሮ ምን ነበረበት።

ዋጋ አትጠይቀኝ፣ ያኔ የከፈልኩት ዛሬ አይሠራም፣ ደውለህ ጠይቅ።

ጦሳ ስር (ደሴ)

ወንድሜ ምክሬን ስማ ብርህን አዲስ አበባ ወስደህ አትበትን። መርፌ መርፌ ነው። ፍል ውሃ ሰባት ቀን ግባ፣ ወገብህን በመቀነት ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ ጠንካራ መሬት ላይ ተኛ። አጎቴ እንደዛ ነው የዳነው ዛሬ ከብት ይጠብቃል።

ማደንዘዣ ባለሙያ (ደሴ)

በሙያዬ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ፣ የህመም ክሊኒክ ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ የምለውን ከሚያይህ ሐኪም ጋር አመሳክረው። ጦሳ ስር አጎትህ እንኳን ዳኑ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ ብዙው የወጣ ዲስክ ፍል ውሃም ተገባ አልተገባ በወራት ውስጥ ራሱ እየሟሸሸ ነው የሚሄደው። ሙቀት ጡንቻ ያላላል፣ እሱ አይከፋም። መሬት ላይ ተኝቶ መክረም ግን ይቅር፣ የሚመከረው በቻሉት መጠን መንቀሳቀስ ነው።

ሐረጎ ሾፌር፣ አንተ በምታውቀው ልንገርህ። ሐረጎ ላይ መንገድ ሲዘጋ መኪኖቹ አይጠፉም፣ ኮምቦልቻ ቆመዋል፣ ደሴ አይደርሱም እንጂ። ብሎክም እንደዛ ነው፣ ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን የሚባል ማደንዘዣ ነርቩ አጠገብ ሲገባ መልእክቱ ወደ ጭንቅላት አያልፍም። ነርቩ አልሞተም። ሰዓታት ሲያልፉ መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል መንገዱ ይከፈታል። ልብስ ሰፊዋ ማታ ያለቀሰችው ለዚህ ነው። መጥበስ የሚባለው ሌላ ነው፣ እሱም ቢሆን እግርና እጅ የሚያንቀሳቅሰውን ትልቁን ነርቭ አይነካም፣ ከመገጣጠሚያው ህመም የሚያመጣውን ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። ላንተ እሱ አልታዘዘም።

ያንተ ህመም እስከ ትንሿ ጣት መውረዱ ከኤምአርአዩ ጋር ይገጥማል፣ ኤል 5 ኤስ 1 ላይ ያለው ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ወደ እዛ የሚሄደውን ሥር ነው። ይሄን የምለው ለምን መሰለህ፣ ኤምአርአይ ላይ ዲስክ የወጣበት ምንም የማያመው ሰው ሞልቷል፣ ስለዚህ ወረቀት ብቻ ታይቶ መወጋት ልክ አይደለም፣ ህመሙና ፎቶው መስማማት አለባቸው። ላንተ የሚሰጥህ ምናልባት ማደንዘዣ ከስቴሮይድ ጋር ሆኖ ነርቩ ከአከርካሪ በሚወጣበት በር አካባቢ ወይም ኤፒዱራል በሚባለው፣ ከአከርካሪው ፈሳሽ ከረጢት ውጭ ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ስቴሮይዱ የተቆጣውን ነርቭ እብጠት ያበርዳል፣ ዲስኩን ግን ወደ ቦታው አይመልስም፣ ይመልሳል የሚልህ ካለ ጥለህ ውጣ። ማደንዘዣው በዛው ቀን ይለቃል፣ ስቴሮይዱ መሥራት የሚጀምረው ከሁለት ቀን እስከ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዛ ቆይቶ ነው፣ በመሀል ያሉት ቀናት ከበፊቱ ሊብሱ ይችላሉ፣ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዛ ላይ ነው። ከሠራ ለሳምንታት ወይም ለወራት ነው። ያድናል ወይ ላልከው፣ ጊዜ ይገዛልሃል ነው መልሱ፣ በዛ ጊዜ ዲስኩ ራሱ ይሟሽሻል፣ አንተም ፊዚዮቴራፒ ትሠራለህ። ምንም ያልሠራላቸውም አሉ፣ ይሄን ሳትሰማ እንዳትሄድ።

ፋርማሲ የተወጋኸው መቀመጫ ጡንቻ ላይ ነው፣ ከነርቩ ሥር ጋር አይገናኝም፣ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ነው የሚደርሰው። እንደውም ያኛው ነው ያለ ልክ የሚያስፈራው፣ መቀመጫ ላይ ቦታውን ስቶ የተወጋ መርፌ ትልቁን የእግር ነርቭ መትቶ እግር ያስቀራል፣ ሰፈሩ የሰማው ወሬ ግማሹ ከዛ የመጣ ይመስለኛል። ዲክሎፌናክ ሲደጋገም ጨጓራና ኩላሊት ነው የሚበላው፣ ዴክሳም ስቴሮይድ ነው፣ ያለ ሐኪም ሦስቴ... ተወው ብናወራው አያልቅም።

የባለቤትህ ደግሞ ሌላ ነው፣ ለወሊድ የሚሰጠው አከርካሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ድረስ ገብቶ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ ነው። ከወሊድ በኋላ ወገብ ማመም መርፌውን በተወጉትም ባልተወጉትም እናቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ እርግዝናው፣ ልጅ መሸከሙ፣ አጎንብሶ ማጥባቱ አለ። ህመሟን አልካድኩም፣ ይታይላት፣ በመርፌው ብቻ አታሳቡት ነው የምለው።

አደጋ የለውም አልልህም። የሚያጋጥመው ፊት መቅላት፣ አንድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ እግር ለጥቂት ሰዓት መክበድ ነው። አንዳንዴ መርፌው የፈሳሹን ከረጢት ይበሳና ስትቀመጥ የሚብስ ስትተኛ የሚተው ራስ ምታት ያመጣል፣ እሱም ይታከማል። ኢንፌክሽን፣ ደም መቋጠር፣ የነርቭ ጉዳት በጣም ብርቅ ናቸው ግን አሉ። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በኤፒዱራል ስለሚሰጥ ስቴሮይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ አልፎ አልፎ ስትሮክ፣ ሽባነት፣ የዓይን መጥፋትና ሞት ታይቷል ብሎ። በተለይ አንገት ላይ ወደ ጭንቅላትና ወደ ህብለ ሰረሰር የሚሄዱ ደም ሥሮች ቅርብ ስለሆኑ ነው ፍርሃቱ፣ ለዛ ነው በነርቭ በሩ በኩል ሲገባ ደም ሥር የሚደፍን ቅንጣት የሌለውን ዴክሳሜታሶን የሚመርጡት። ስለዚህ ስትሄድ ጠይቅ፣ በራጅ ማሽን እያያችሁ ነው ወይ የምትወጉት፣ ቀለም ትረጫላችሁ ወይ መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመሆኑን ለማየት፣ ስቴሮይዱ ምንድነው። በእጅ ዳብሶ የሚወጋህ ከሆነ ተመለስ። ሾፌር ስለሆንክ መጠየቅ አያቅትህም።

የቃሉ ልጅ (ሐርቡ)

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር ማንም ስላላነሳው። አባቴን ወገባቸውን ሲያማቸው እኛም ዲስክ ነው ብለን ወሰንን፣ ሽማግሌ ሲሆን ሁሉም ዲስክ ነው አይደል። ስምንት ወር በመርፌ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ራጅ ሳይነሱ ምናምን ሳይታዩ ወገባቸው ላይ ስቴሮይድ ወጓቸው፣ ስሙን አልጠራም። አንድ ሳምንት ተሻላቸው ከዛ ወደቁ። እኛ ያላየነው ምንድነው፣ ማታ ማታ አንሶላው እስኪረጥብ ያልባቸው ነበር፣ ቀበቷቸው ሦስት ቀዳዳ ገብቶ ነበር፣ ተኝተውም ያማቸዋል፣ ማረፍ አይቀንሰውም። በኋላ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ሳል የለም ምንም የለም ቲቢ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል። አንድ ዓመት መድኃኒቱን በነፃ ከመንግሥት ወሰዱ፣ አልሐምዱሊላህ ዛሬ መስጂድ በእግራቸው ነው የሚሄዱት፣ ጎበጥ ብለው ቀርተዋል ግን። ዶክተሩ ኢንፌክሽን ያለበት አከርካሪ ላይ ስቴሮይድ መወጋት እሳት ላይ ጭድ ነው ያለን አይረሳኝም። እና ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት ካለህ ለሐኪሙ ሳትናገር እንዳትወጋ።

ማደንዘዣ ባለሙያ (ደሴ)

የቃሉ ልጅ እግዜር ይስጥህ፣ እኔ መጀመሪያ ማለት የነበረብኝን አንተ አልከው። ጥሬ ወተት የሚጠጣ፣ ከከብት ጋር የሚውል ሰው ላይ ደግሞ ብሩሴላ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም ወገብ ያማል፣ ያልባል፣ ያተኩሳል። ሌላው፣ መቀመጫህና ብልትህ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ሽንት እምቢ ካለህ ወይ ካመለጠህ፣ ወይ እግርህ እየዛለ ፍሬን መርገጥ ካቃተህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዛው ሌሊት ድንገተኛ ሂድ፣ ያ የመርፌ ጉዳይ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)

ከይቅርታ ጋር እዚሁ ልጠይቅ፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው ስኳር አለባት የልብ ደግሞ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ትወስዳለች ለሷም ይሄው መርፌ ተባለ፣ ኪኒኑን ከዛሬ ጀምሬ ላቁምላት ወይ? ስኳሩስ?

ማደንዘዣ ባለሙያ (ደሴ)

እህቴ በፍፁም ራስሽ እንዳታቆሚ። ዋርፋሪን ወይ ክሎፒዶግሬል ከሆነ ከመርፌው በፊት ለተወሰነ ቀን ሊቆም ይችላል፣ ግን የሚወስነው የልብ ሐኪማቸውና የሚወጋቸው ሐኪም ተነጋግረው ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ማቆሙ ከመርፌው ይብሳል። የኪኒኑን ፓኮ ራሱን ይዘሽ ሂጂ፣ ስሙን እንዳትሳሳቺ። ስኳራቸው ስቴሮይዱ ከገባ በኋላ ለጥቂት ቀን፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ከፍ ይላል። ማሽን ካላችሁ ጠዋት ማታ ለኩላቸው፣ አስቀድማችሁም ምን ያህል ሲደርስ እንድትመጡ ጠይቁ። አሁን እንኳን ከፍተኛ ከሆነ መርፌው ይቆይ ሊሉ ይችላሉ፣ አትናደዱ ልክ ናቸው።

ጦሳ ስር (ደሴ)

እሺ እሺ ተሸነፍኩ። ግን መቀነቱ ይጠቅማል።

ሐረጎ ሾፌር (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ፣ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት፣ የወሊዱን ክፍል ሁለቴ አስነበበችኝ፣ አላመነችም ግን ዝም ብላለች ይሄም አንድ ነገር ነው። ላብም መክሳትም የለኝም፣ እንደውም ከቆምኩ ወዲህ ሆድ አውጥቻለሁ። ለማንኛውም የደም ምርመራ ግን አሠራለሁ፣ የቃሉ ልጅ አባትህን ሰላም በልልኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ከተወጋሁ በኋላ መቼ ልንዳ? ደግሞስ እንዴት ነው የምሄደው፣ 400 ኪሎ ሜትር ቁጭ ብዬ አዲስ አበባ ስደርስ እኔ ራሴ አልቄያለሁ።

ልብስ ሰፊዋ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

አቅም ካለህ ከኮምቦልቻ በፕሌን ሂድ አቦ፣ ከተሳፋሪ ብዙ በልተሃል። ካልሆነ ሌሊት ሳይሆን ቀን ሂድ፣ ሾፌሩን አስቁም እያልክ ውረድ ተንጠራራ፣ ወንበር ዳር ያዝ። ሰው ይዘህ ሂድ ብቻህን እንዳትሄድ፣ እኔን ስጨርስ ብቻሽን አትሄጂም ብለው እህቴ እስክትመጣ አስቀምጠውኝ ነበር።

ማደንዘዣ ባለሙያ (ደሴ)

የዛን ዕለት መንዳት የለም፣ እግርህ ደንዝዞ ፍሬኑን ሳታውቀው ትለቀዋለህ። ብዙ ሰው በማግስቱ ወይ በሁለት ቀኑ ቀላል እንቅስቃሴ ይጀምራል፣ አንተ ግን ቀኝ እግርህ ነው የታመመው ሥራህም ሐረጎ ነው፣ ስለዚህ ቆሞ ባለ መኪና ፍሬኑን በኃይል ደጋግመህ ርገጥ፣ ከዘገየብህ ወይ ከከበደህ አልደረስክም። ፊዚዮ ጀምር፣ ወንበርህንም ወደ መሪው አስጠጋው፣ ክላቹን ለመርገጥ ወገብህን የምታነሳ ከሆነ ሩቅ ነው። ሌላው ደግሞ መርፌው ሠራልኝ ብለህ በየወሩ ልወጋ እንዳትል፣ ስቴሮይድ ሲደጋገም አጥንት ያሳሳል ስኳር ያመጣል፣ ብዙ ሐኪሞች በዓመት ከሦስት አራት ጊዜ አያልፉም፣ የመጀመሪያው ምንም ካልሠራ ደግሞ ሁለተኛውን ለምን እንደሚወጉህ ይንገሩህ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በመርፌ የጨረሰ ሰው አውቃለሁ።

ሐረጎ ሾፌር (ኮምቦልቻ)

ወንበሩን ዛሬውኑ ሄጄ ለካሁት፣ ወላሂ ሩቅ ነው፣ 16 ዓመት። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልሄድ ነበር ግን ሚኒባሷን የሚይዝልኝ እሱ ነው፣ ስለዚህ ከአማቼ ጋር ነው የምሄደው፣ መንገዱን ሙሉ ስለ መቀነት ያወራኛል። ስመለስ እጽፍላችኋለሁ፣ የየሰዓቱን ከአስር ስንት ጽፌ። እናንተ ብቻ ልጁ ዳገቱ ላይ ክላቹን እንዳያነድብኝ ዱዓ አድርጉልኝ።